ማክስ ሊንደርና የድምፅ አልባው ኮሜዲ ልደት

የሉሚየር ወንድማማቾች በ1895 በፓሪስ ከተማ ፊልም በክፍያ ካሳዩ በኋላ በነበሩት ዐሥር ያህል ዓመታት፣ በነጩ ሸራ ላይ የሚንቀሳቀሰው ሰው ስም አልነበረውም (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ተመልካቹ የፊልሙን ርእስና የአምራቹን ድርጅት ዓርማ ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ተዋናዩ ማን እንደሆነ ግን አምራቹ አይናገርም፣ ተዋናዩም እንዲነገርበት አይፈልግም፤ በመድረክ ላይ የተከበረ ስም ለማግኘት ለሚደክም የቴአትር ሰው በፊልም መታየት ከገበያ ትርኢት የማይሻል ውርደት ሆኖ ይቆጠር ነበርና። ይህን ልማድ ከሰበሩት ሰዎች መካከል ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ፈረንሳዊው ማክስ ሊንደር ነው። ሊንደር ተመልካች ፊልሙን በአምራቹ ሳይሆን በተዋናዩ ስም እየጠራ ወደ ሲኒማ ቤት እንዲሄድ ያስለመደ፣ ቻርሊ ቻፕሊን ካሜራ ፊት ከመቆሙ ከዓመታት በፊት ከፓሪስ እስከ ሴንት ፒተርስበርግ በአንድ ቃል፣ «ማክስ» ተብሎ ብቻ የታወቀ ኮሜዲያን ነበር።

ወላጆቹ ያወጡለት ስም ጋብሪዬል ማክሲሚልየን ለቪዬል ነው። ዲሴምበር 16 ቀን 1883 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከቦርዶ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በሳን ሉቤስ ተወለደ። ቤተ ሰቡ ወይን በማልማትና ወይን ጠጅ በመጥመቅ የሚተዳደር ስለ ነበር ልጁም የአባቱን እርሻ ይወርሳል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ እርሱ ግን ከወይኑ ይልቅ ልቡ በቴአትር ስለ ተማረከ፣ ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በቦርዶ ኮንሰርቫቷር፣ ማለትም ሙዚቃና ድራማ በሚሰጥበት ትምህርት ቤት ገብቶ፣ በኮሜዲ የላቀ ውጤት አግኝቶ ወጣ። በ1904 ወደ ፓሪስ ተሻግሮ የዋና ከተማውን ኮንሰርቫቷር ደጅ ቢጠናም አልተቀበሉትም፤ ስለዚህ በአምቢጉ ቴአትር ትንንሽ ሚናዎችን እየተጫወተ መኖር ጀመረ። የተማረው ትምህርት ግን በከንቱ አልቀረም። ሞልየርን በመሰሉ ጸሐፊዎች ተውኔት የሠለጠነ ተዋናይ መቼ መናገር ብቻ ሳይሆን መቼ ዝም ማለት፣ መቼ መቆም፣ መቼ ቀና ማለት እንዳለበት ያውቃል፤ ይህ ዕውቀት ኋላ ቃል በማይሰማበት ሸራ ላይ የሊንደር ዋነኛ ሀብት ሆኗል።

በ1905 ሊንደር በፓሪስ ዳርቻ በቫንሴን በሚገኘው የፓቴ ድርጅት ስቱዲዮ ተቀጠረ። ፓቴ በዶሮ ዓርማው የሚታወቅ፣ በዘመኑ በዓለም ላይ ተወዳዳሪ ያልነበረው የፊልም አምራች ነበር። የስቱዲዮው ጣሪያና ግድግዳ በመስታወት የተሠራው የኤሌክትሪክ መብራት ገና ደካማ ስለ ነበርና ቀረጻው በፀሐይ ብርሃን ላይ ስለሚመሠረት ነው፤ ካሜራው በእጅ እየተሽከረከረ በየሰከንዱ 16 ያህል ምስሎችን የሚያነሣ ሲሆን፣ አንድ ፊልም ከጥቂት ደቂቃዎች አይበልጥም ነበር። ይህ አሠራር ለቴአትር ሰው ይመቻል፤ ቀረጻው ፀሐይ ሳለች ያልቃል፣ መድረኩ ማታ ይከፈታል። ሊንደርም ቀን በቫንሴን፣ ማታ በቴአትር እየሠራ ኑሮውን ለሁለት ከፈለው። «ማክስ ሊንደር» የሚለውን ስም ያወጣውም በዚሁ ጊዜ ነው። በእነዚህ የመጀመሪያ ዓመታት አንዴ ተማሪ፣ አንዴ ወታደር፣ አንዴ ከብዙዎች መካከል አንዱ ሆኖ ታየ፤ ከእነዚያ ዓመታት ሥራዎቹ ውስጥ ስለ መጪው ማክስ የሚናገር ፊልም ጥቂት ነው።

በ1907 «ጀማሪ ተንሸራታች» በተባለው አጭር ፊልም ላይ ግን አዲስ ነገር ታየ። ሊንደር ረጅም የሐር ባርኔጣ ደፍቶ፣ ከኋላው የረዘመ ጥቁር ኮት ለብሶ፣ በቀጭኑ የተከረከመ ሪዙን አሳምሮ፣ በቫንሴን ጫካ ውስጥ ባለው የቀዘቀዘ ሐይቅ ላይ በበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ሊሄድ ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይወድቃል። ታሪኩ ከዚህ አይዘልም፤ አለባበሱ ግን ሁሉን ነገር ለወጠው። እስከዚያ ድረስ የፊልም ኮሜዲ የሚባለው በአመዛኙ የመጋጨት፣ የመሰባበርና የመሯሯጥ ቀልድ ነበር፤ በፓቴ የዚህ ዓይነቱ ኮሜዲ ዋና ተዋናይ የነበረው አንድሬ ዲድ ፊቱን እያጣመመና ዕቃ እየሰበረ ያስቅ ነበር። ቂልነቱ ከመጀመሪያው የታወቀ ሰው ቢወድቅ ተመልካቹ ይስቃል፣ ነገር ግን አይደነቅም። ንጹሕ ጓንት ያጠለቀ፣ ከዘራ የያዘ፣ ስለ ክብሩ የሚጨነቅ ጨዋ ሰው ሲወድቅ ግን ውድቀቱ ሁለት ይሆናል፤ አካሉም ክብሩም አብረው ይወድቃሉና። ሊንደር ከዚህ በኋላ የሠራው ሁሉ ከዚህ አንድ ግኝት የተቀዳ ነው፤ ተራ በሚመስለው የልብስ ለውጥ ውስጥ የነበረው የአስተሳሰብ ለውጥ በብዙ የሲኒማ ታሪክ መጻሕፍት ከሚሰጠው ቦታ የበለጠ ይገባዋል።

አንድሬ ዲድ በጣልያን ቱሪን ከተማ የሚገኝ ኩባንያ በተሻለ ክፍያ ሲወስደው ፓቴ የቀልድ ፊልሞቹን የሚሸከምለት ሌላ ሰው አስፈለገው፤ ሊንደርም ክፍተቱን ሞላ። ከ1909 ጀምሮ የሐር ባርኔጣው ወጣት ቋሚ ገጸ ባሕርይ ሆነ፤ ከዚያም ፊልሞቹ «ማክስ ገላውን ይታጠባል»፣ «ማክስ የኮርማ ተፋላሚ» እንደሚሉት ባሉ ርእሶች መውጣት ጀመሩ። የተዋናይ ስም በርእስ ላይ መስፈሩ ዛሬ ቀላል ነገር ቢመስልም ለዘመኑ አዲስ የንግድ ስልት ነበር። ፓቴ ቅጂዎችን መሸጥ ትቶ ማከራየት ከጀመረ ወዲህ የሲኒማ ቤት ባለቤቶች በየሳምንቱ አዲስ ፊልም ስለሚፈልጉ፣ ተመልካቹ ገና ሳያየው የሚያምነው ስም ለድርጅቱ የተረጋገጠ ገቢ ማለት ነበር። በ1910 መጨረሻ ሊንደር በጽኑ ታሞ ለወራት ከሥራ ሲርቅ የእርሱ አለመኖር ብቻ የጋዜጦች ወሬ ለመሆን በቃ፤ ከዐሥር ዓመት በፊት ማንም የፊልም ተዋናይ መታመሙን የሚጽፍ ጋዜጣ አልነበረም።

የዚህን ዘመን ሥራ ባሕርይ ለመረዳት ሁለት ፊልሞችን ቀረብ ብሎ ማየት ያሻል። «ማክስ ገላውን ይታጠባል» በተባለው የ1910 ፊልም ሐኪም ገላውን በውሃ እንዲዘፈዝፍ ያዘዘው ማክስ የመታጠቢያ ገንዳ ገዝቶ፣ ተሸክሞ ቤቱ ያደርሳል፤ ነገር ግን ውሃው የሚገኘው ለሕንጻው ነዋሪ ሁሉ የጋራ በሆነው በመተላለፊያው ቧንቧ ነው። በትንሽ ዕቃ ውሃ እያመላለሰ መሙላት ቢሰለቸው ገንዳውን ራሱን ወደ ቧንቧው ጎትቶ በመተላለፊያው ላይ መታጠብ ይጀምራል፤ ጎረቤቶች ይጮኻሉ፣ ፖሊስ ይመጣል፣ ማክስም ገንዳውን እንደ ኤሊ ድንጋይ በጀርባው ተሸክሞ ይሸሻል። እዚህ ላይ ማክስ ቂል አለመሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። እያንዳንዱ እርምጃው ከፊተኛው በትክክለኛ አመክንዮ የሚከተል ነው፤ አሳቢ ሰው በአሳቢነቱ ወደ እብደት ደጃፍ ሲደርስ ማየት ነው የሚያስቀው።

በ1911 የወጣው «ማክስ የኪንኪና ሰለባ» ደግሞ በአጭር ፊልም ሊደረስበት ከሚችለው የግንባታ ጥበብ ከፍተኛው ደረጃ ላይ የቆመ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኪንኪና ከአንድ ዛፍ ቅርፊት የሚወጣ መራራ መድኃኒት የተቀላቀለበት ወይን ጠጅ ሲሆን፣ ለደከመ ሰው አቅም ማበርቻ እየተባለ ይታዘዝ ነበር። ማክስ በየጠዋቱ አንድ ብርጭቆ እንዲጠጣ ቢታዘዝለትም የያዘው ብርጭቆ እጅግ ትልቅ በመሆኑ ሰክሮ ይወጣል፤ በየደረሰበትም ከባለ ሥልጣናት ጋር ይጣላል። በዘመኑ ሥርዓት የተሰደበ ጨዋ ሰው ተሳዳቢውን በመሣሪያ ለመግጠም ሲፈልግ የስም ካርዱን ይሰጠዋልና፣ የፖሊስ አዛዡም፣ አምባሳደሩም፣ ሚኒስትሩም እያንዳንዳቸው ካርዳቸውን ለማክስ ያስጨብጡታል። ሌሊት ፖሊሶች ማክስን ሰክሮ ሲያገኙት ለማሰር ይይዙታል፤ ኪሱን ሲፈትሹ ግን የትልቅ ሰው ካርድ ስለሚያገኙ ሰላምታ ሰጥተው፣ ደግፈው፣ በካርዱ ላይ ወደ ተጻፈው ቤት ያደርሱታል። የቤቱ ባለቤት ወደ ውጭ ይጥለዋል፤ ሌላ ፖሊስ ሌላ ካርድ ያገኛል፤ ማክስም ከአንዱ ባለ ሥልጣን አልጋ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ያድራል። የሰካራም ታሪክ መስሎ የተጀመረው ፊልም ሰው ክብር የሚያገኘው በወረቀት መሆኑን፣ ያውም አንድም ድምፅ ሳይሰማ፣ ያሳያል።

የሊንደር አተዋወን ከዘመኑ የሚለየው በቁጠባው ነበር። ሌሎች ለሩቅ ተመልካች እንደሚደረገው እጃቸውን ሲያወናጭፉ፣ እርሱ ቅንድብ በማንሣት፣ ባርኔጣ በማስተካከል፣ አንድ አፍታ ቆም ብሎ በማሰብ ብቻ ሐሳቡን ያስተላልፋል። በትዕይንቶች መካከል እየገቡ ታሪኩን የሚያስረዱ የጽሑፍ ካርዶችም በፊልሞቹ ውስጥ ጥቂት ናቸው። ከ1911 ወዲህ አብዛኞቹን ፊልሞች ራሱ ይደርስ፣ ራሱ ያዘጋጅ ስለ ነበር ይህ ቁጠባ ከተዋናይነት አልፎ የፊልሙ ሁሉ አገነባብ ሆነ። ሥራው ትርጉም የማይፈልግ መሆኑ የፓቴ ሰፊ የሽያጭ መረብ ወደ ደረሰበት ሁሉ ያለ ችግር እንዲሄድ አደረገው፤ ስለዚህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የፈረንሳይኛ ቃል የማያውቅ ሕዝብ ማክስን ያውቅ ነበር።

ይህ ዝና በአካል የታየው ከ1911 እስከ 1913 ባደረጋቸው ጉዞዎች ነው። በስፔን፣ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በሩሲያ ከተሞች እየተዘዋወረ፣ ፊልሙ ከታየ በኋላ ራሱ በመድረክ ላይ እየቀረበ ተጫወተ፤ በየባቡር ጣቢያው ሊቀበለው የሚወጣው ሕዝብ ብዛት እስከዚያ ድረስ ለነገሥታትና ለኦፔራ ዘፋኞች ብቻ ይታይ የነበረ ነው። በሴንት ፒተርስበርግ በፒያኖ ካጀቡት ወጣቶች አንዱ ዲሚትሪ ቲዮምኪን ሲሆን፣ ኋላ ወደ አሜሪካ ተሰዶ በሆሊውድ የፊልም ሙዚቃ አራት የኦስካር ሽልማት ያገኘው ይኸው ሰው ነው። በ1914 ሊንደር በፓሪስ ቡልቫር ፑዋሶንየር ላይ የሚገኝ ሲኒማ ቤት ገዝቶ ስሙን አወጣበት። ዕድሜው ሠላሳ፣ ገቢው በሙያው ከፍተኛ፣ ጤናው ግን ደካማ ነበር።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ገደማ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ሊንደር ለመዋጋት ቢፈልግም ለግንባር ብቁ ስላልነበረ በራሱ መኪና መልእክት የማድረስ አገልግሎት ሰጠ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሞተ ተብሎ በጋዜጣ ሳይቀር ተወራ። አልሞተም፤ ነገር ግን ጤናው በጽኑ ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ያልለቀቀው ከባድ የመንፈስ ጭንቀትም ሥር የሰደደው በዚህ ወቅት ነው። ጦርነቱ ያቆሰለው እርሱን ብቻ አልነበረም። የፓቴ ሠራተኞች ለዘመቻ ተጠሩ፣ ፋብሪካው ለጦር አገልግሎት ዋለ፣ የአውሮፓ ድንበር ተዘጋ፤ ከጦርነቱ በፊት የዓለምን ሸራ ሞልቶ የነበረው የፈረንሳይ ፊልም ቦታውን ለአሜሪካ ለቀቀ። ሌላም የማይታይ ጉዳት ነበር። የማክስ ቀልድ የቆመው ባርኔጣና ጓንት፣ የስም ካርድና የእራት ግብዣ ትርጉም ባላቸው ዓለም ላይ ነበር፤ ያ ዓለም በጦር ምሽጎቹ ጭቃ ውስጥ ሲቀበር፣ ከየፍርስራሹ ለወጣው ተመልካች የቻፕሊን ባዶ ኪስ ተንከራታች የበለጠ ቅርቡ ሆነ።

ሁለቱን ሰዎች የሥራ ዕድልም አገናኛቸው። ቻፕሊን በ1916 ኤሳኔይ የተባለውን የቺካጎ ኩባንያ ትቶ በብዙ ገንዘብ ወደ ሌላ ድርጅት ሲሄድ፣ ኤሳኔይ ጉድለቱን ለመሙላት ሊንደርን በሳምንት 5,000 ዶላር ለዐሥራ ሁለት ፊልሞች ተዋዋለው። የተሠሩት ግን ሦስት ብቻ ናቸው። በ1917 የወጡት እነዚህ ፊልሞች የተጠበቀውን ያህል ገበያ አላገኙም፤ የአሜሪካ ተመልካች ሊንደርን በቻፕሊን ቦታ የቆመ ሰው አድርጎ ስለ ተቀበለው ከእርሱ የጠበቀው የቻፕሊንን ፍጥነት ነበር፤ ሊንደርም በሕመሙ ምክንያት ውሉን ሳይፈጽም ወደ አገሩ ተመለሰ። ቻፕሊን ራሱ ግን ማን ከማን እንደ ተማረ አልረሳም። በሰጠው ፎቶግራፍ ላይ ሊንደርን መምህር፣ ራሱን ደቀ መዝሙር ብሎ ጽፎለታል።

ሊንደር በ1919 በፈረንሳይ «ትንሹ ካፌ» በተባለው ረጅም ፊልም ተጫወተ። ይህ ከትሪስታን በርናር ተውኔት የተወሰደ፣ በጸሐፊው ልጅ በሬሞን በርናር የተዘጋጀ ሥራ ነው፤ ታሪኩም ድንገት ብዙ ሀብት የወረሰ የካፌ አስተናጋጅ፣ ከአሠሪው ጋር የፈረመውን የረጅም ዘመን ውል ቢያፈርስ ከባድ ቅጣት ስለሚጠብቀው፣ ቀን ሳህን እያመላለሰ ሌሊት እንደ ባለጸጋ ሲኖር ያሳያል። ፊልሙ ተወደደ፤ ሊንደርም አሜሪካን ዳግመኛ ለመሞከር ድፍረት አገኘ፤ በዚህ ጊዜ ግን ቅጥረኛ ሳይሆን የራሱ አምራች ሆኖ ሄደ።

ከዚህ ሁለተኛ ጉዞ የተገኙት ሦስት ረጅም ፊልሞች የሕይወቱ ዋና ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው በ1921 የወጣው «የሰባት ዓመት መጥፎ ዕድል» ሲሆን፣ ርእሱ መስታወት የሰበረ ሰው ሰባት ዓመት ዕድል ይርቀዋል ከሚለው የምዕራባውያን እምነት የተወሰደ ነው። ማክስ ከጓደኞቹ ጋር ሲጠጣ አምሽቶ በተኛበት ጠዋት አሽከሮቹ ትልቁን መስታወት ይሰብራሉ፤ ስሕተታቸው እንዳይታወቅ ወጥ ቤቱን የጌታውን ልብስ አልብሰው በባዶው ክፈፍ ማዶ ያቆሙታል። ማክስ ሊላጭ ሲቀርብ ያኛው ሰው እያንዳንዱን እንቅስቃሴ እግር በእግር ይከተላል፤ ማክስ ይጠራጠራል፣ ይፈትነዋል፣ ፊቱን ያዞራል፣ በድንገት ይመለሳል። ትዕይንቱ ሳይቆራረጥ ለረጅም ጊዜ ስለሚቀጥል ተመልካቹ በካሜራ ብልሃት አለመታለሉን፣ የሚያየው ሁሉ የሁለት ሰዎች አካል መናበብ መሆኑን ያውቃል። ማክስ ማታለሉን ሲደርስበት አሽከሮቹ አዲስ መስታወት አስገብተው ኖሮ፣ ሰውየውን የመታ መስሎት ጫማ ሲወረውር እውነተኛውን መስታወት ይሰብራል፤ እንግዲህ መጥፎ ዕድሉ ይጀምራል። የመስታወቱ ጨዋታ ከሊንደር በፊትም በመድረክ ይታወቅ ነበር፤ በሸራ ላይ ይህን ያህል ፍጹም አድርጎ የሠራው ግን እርሱ ነው፤ ማርክስ ወንድማማቾች በ1933 «ዳክ ሱፕ» በተባለው ፊልማቸው ያቀረቡት ዝነኛ ትዕይንትም ከዚህ የራቀ አይደለም።

በዚያው ዓመት «ሚስቴ ሁኚ»፣ በ1922 ደግሞ በአሌክሳንድር ዱማ «ሦስቱ ሙስኬተሮች» ላይ የተመሠረተ የፌዝ ፊልም ተከተለ። ይህ የኋለኛው ዳግላስ ፌርባንክስ ከአንድ ዓመት በፊት በዚሁ ልብ ወለድ ላይ የሠራውን ታላቅ ፊልም እየተከተለ የሚቀልድ ሲሆን፣ በዐሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥት ውስጥ ስልክና ሞተር ብስክሌት ያስገባል። ሦስቱም ፊልሞች በጥበብ የተሞሉ ቢሆኑም በገበያ ሊንደር የተመኘውን ቦታ አላስገኙለትም፤ እርሱም አዝኖና ደክሞ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የሠራው ጥቂት ነው። በ1924 ከታላቁ ዳይሬክተር አቤል ጋንስ ጋር «ድረሱልኝ!» የተባለ አጭር ፊልም ሠራ፤ ይህም አንድ ሰው በመናፍስት ተይዟል በተባለ ግንብ ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት ሳይፈራ ለመቆየት የገባውን ውርርድ የሚተርክ ነው። በመጨረሻም በቪየና «የሰርከሱ ንጉሥ» የተባለውን፣ ኋላ በሆሊውድ ታዋቂ የሆነችው ሃንጋሪያዊቷ ቪልማ ባንኪ አብራው የተጫወተችበትን ፊልም አጠናቀቀ።

በ1923 ሊንደር ኤሌን ፒተርስ የተባለች ወጣት አግብቶ ነበር፤ በጁን 1924ም ሞድ የተባለች ሴት ልጅ ተወለደችላቸው። ትዳሩ በቅናትና በጭንቀት የታመሰ ነበር። በኦክቶበር 1925 መጨረሻ ሁለቱ ፓሪስ ውስጥ በአንድ ሆቴል ክፍል በሞት አፋፍ ላይ ተገኝተው ወዲያው ሞቱ፤ በጊዜው ባልና ሚስት ተስማምተው የፈጸሙት ነው ተብሎ ተነገረ፤ ኤሌን በፈቃዷ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ጥያቄ ግን ከዚያ ጀምሮ ሲያከራክር ኖሯል። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ሞት የአሳቂው ሐዘን በሚል የፍቅርና የጥበብ ታሪክ አድርገው ማቅረባቸው ተገቢ አይደለም፤ ገና ሃያ ዓመት ገደማ የነበረች እናት ሕይወቷን ያጣችበት፣ ለዓመታት ሳይታከም የቆየ ሕመም ያስከተለው ጥፋት ነውና። ሊንደር በተወለደባት በሳን ሉቤስ ተቀበረ።

ሞቱ ከደረሰ ከሁለት ዓመት በኋላ ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ የድምፅ አልባው ዘመን ሥራዎች ዋጋ አጡ። የዚያ ጊዜ ፊልም የሚታተምበት ናይትሬት የተባለ ቁስ በቀላሉ የሚቀጣጠልና በዕድሜ ብዛት የሚበሰብስ በመሆኑ፣ ብዙው ተቃጠለ፤ ሌላው በውስጡ ያለውን ብር ለማውጣት ቀለጠ። ከሊንደር በመቶዎች የሚቆጠሩ ፊልሞች ዛሬ የሚገኙት ከፊሎቹ ብቻ ናቸው፤ ከተገኙትም የብዙዎቹ መዳን የአንዲት ሴት ድካም ውጤት ነው። ወላጆቿ ሲሞቱ የዐሥራ ስድስት ወር ሕፃን የነበረችው ሞድ በእናቷ እናት እጅ አድጋ፣ የአባቷን ፊልም ያየችው ለአካለ መጠን ከደረሰች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ቅጂዎቹን ከየአገሩ እየፈለገች ሰበሰበች፤ በ1963 ሦስቱን ረጅም የአሜሪካ ፊልሞች አቀናብራ አንድ ፊልም፣ በ1983 ደግሞ «የሐር ባርኔጣው ሰው» የተባለ ዘጋቢ ፊልም አወጣች። በቡልቫር ፑዋሶንየር ያለው ሲኒማ ቤትም ዛሬ ድረስ በስሙ ይጠራል። ሞድ እስከ 2017 በሕይወት ኖራለች። ድምፁን ሰምታው የማታውቀውን፣ በሸራ ላይ ብቻ ያወቀችውን ሰው ታሪክ በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ ስትጽፍ የሰጠችው ርእስ «ማክስ ሊንደር አባቴ ነበር» የሚል ነው።